አገልግሎትና መንፈሳዊ ጉዞ ከቤተሰብ ጋር ሲጋጩ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርና የጉዞ ኮሚቴ አባል ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊልና በቁርባን ተጋብተን የ8 ዓመት ወንድና የ3 ዓመት ሴት ልጆች ሰጥቶናል። ማክሰኞና ቅዳሜ የመዝሙር ጥናት፣ ሐሙስ የኮሚቴ ስብሰባ አለብኝ፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ እስከ ማታ እዚያው ነኝ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ደግሞ ወደ ገዳማት እንጓዛለን። ባለቤቴ «ቤቱን ጥለኸዋል፤ እኛስ የእግዚአብሔር አይደለንም ወይ?» ትለኛለች። እኔ ግን ሰይጣን በእርሷ አድሮ ከአገልግሎት ሊያስወጣኝ ይመስለኝና መልስ አልሰጣትም። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሄድ ስእለት አለብኝ። ልቅር? ወይስ ልጆቹንም ይዘን ሁላችን እንሂድ? እዚያስ ሄጄ ብቆርብ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሚስትህ ፈተና አይደለችም። የጠየቀችህ ቅዱስ ጳውሎስ የጠየቀውን ነው። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ለእርሱ ስለ ሆኑት ይልቁንም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ማንም ቢሆን፥ ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» ብሏል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲናገርም የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ሲል ይጠይቃል (1ኛ ጢሞ. 3፥5)። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱን፣ ምሥጢረ ተክሊልን፣ ከእርሷ ጋር ተቀብለሃል። መዝሙርም ሆነ የጉዞ ኮሚቴ ከሰባቱ አይቈጠሩም። መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ቃል የገባህበትን ቤት እያፈረሱ የሚሠሩ ከሆነ ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የነቀፋቸውን ሰዎች እንመስላለን። እነርሱ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ይከለክሉ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዝምታህን ተው። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም እንኳ ባልና ሚስት የሚለያዩት «ተስማምታችሁ ለጊዜው» እንደሆነ ተጽፏል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። አንዱ ወስኖ ሌላው በቀረው ጊዜ የሚኖርበት ቤት ክርስቲያናዊ ሥርዓት የለውም። በጉዞው ዋዜማ ሻንጣ እያዘጋጁ «ነገ እሄዳለሁ» ማለት ማሳወቅ እንጂ መስማማት አይባልም።

መስማማቱን በሥራ ላይ ለማዋል ጊዜው መስከረም ላይ ነው። የአብዛኞቹ ንግሥ በዓላት ቀን የታወቀ ነው፦ ግሸን መስከረም 21፣ አክሱም ጽዮን ኅዳር 21፣ ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19፣ ላሊበላ ታኅሣሥ 29፣ ዝቋላ አቦ ጥቅምትና መጋቢት 5፣ ደብረ ሊባኖስ ነሐሴ 24። የዐቢይ ጾምና የትንሣኤ ቀንም በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን መቁጠሪያ ስሌት) ተቈጥሮ ገና በዘመን መለወጫ ይነገራል። ሁለታችሁ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡና የዓመቱን ካላንደር ዘርጉ። በእኔ አስተያየት ትናንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ በዓመት አንድ ሩቅ ጉዞና ሁለት በዕለቱ ደርሶ መልስ የሚሆን ጉዞ ይበቃል። ሩቁን አንድ ዓመት አንተ፣ አንድ ዓመት እርሷ ብትሄዱ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ብዙ አገልጋዮች ሚስቶቻቸውም ስእለትና ናፍቆት እንዳላቸው ይረሳሉ፤ ልጅ ይዛ ቤት የምትቀረው ሁልጊዜ እርሷ ናት።

የሳምንቱ አገልግሎትህም መቀነስ አለበት። ከሁለቱ ጥናት አንዱን ያዝ፤ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተህ ምሳህን ከቤተሰብህ ጋር ብላ። ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ራስህ ቀርበህ ንገር፤ ሳታስፈቅድ እየቀረህ ወንድሞችህን ግራ አታጋባ። በኮሚቴው ውስጥ ቤት ለቤት ትኬት መሸጡንና ሌሊት አውቶቡስ መጠበቁን ላላገቡት ወጣቶች አስረክብ፤ አንተ አውቶቡስ መከራየቱንና ሒሳቡን ያዝ። እነዚህ በስልክና ከሥራ ሰዓት ጎን ለጎን የሚፈጸሙ ናቸው።

ሒሳቡን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የተጓዦችን ገንዘብ በግል የባንክ ሒሳብህ አትሰብስብ። ብዙ የቤተሰብ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ቀብድ ተከፍሎ ጉዞው በመንገድ ችግር ሲሰረዝ ባለ አውቶቡሱ አልመልስም ይላል፣ ምእመናኑ ገንዘባችንን ይላሉ፣ በመጨረሻም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይወጣል። ገንዘቡ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ይግባ፣ በደረሰኝ ይሁን፤ ከአውቶቡስ ባለቤቱ ጋር በሚደረገው ውልም ጉዞው ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ክፍያ ከመጀመሩ በፊትና ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት አጣሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቤትህ ውስጥ የምታገለግለው ነው። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው (መዝ. 118፥164)። ሁሉንም ከልጆች ጋር ማድረስ አይቻልም፤ ጠዋትና ማታውን ያዝ። ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው፦ ሁላችሁም ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ አባታችን ሆይንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን አብራችሁ በሉ፣ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን ድርሻ አንተ ወይም እናታቸው አንብቡ፣ የ8 ዓመቱ ልጅ ከዳዊት አንድ አጭር መዝሙር ያንብብ፣ ትንሿ «አሜን» ትበል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ በመሆኑ አይከብድም። የብዙዎች ስሕተት በአንድ ሰዓት ጸሎት መጀመር ነው፤ ልጆቹ ቆመው ያንቀላፋሉ፣ አባት ይቆጣል፣ በሳምንቱ ይተዋል፣ ልጆቹም ጸሎትን ከቁጣ ጋር አያይዘው ያድጋሉ። ሌላው ስሕተት ሁሉን በግእዝ አድርጎ ትርጉሙን አለመንገር ነው። በኦሪት ዘዳግም ቃሉን ለልጆችህ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ» ተጫወተው ተብሏል (ዘዳ. 6፥7)፤ ልጁን ትምህርት ቤት ስታደርሰው የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ በአምስት ደቂቃ ንገረው። አንተ በሌለህ ቀን ጸሎቱን እናታቸው ትምራ እንጂ አይቋረጥ።

ወደ ስእለትህ ልመለስ። መጽሐፍ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል (መክ. 5፥5)፤ ስለዚህ ተወው አልልህም። ነገር ግን ስትሳል «ዘንድሮ» ብለህ ዓመቱን ቈርጠህ እንደሆነና እንዳልሆነ አስታውስ። ዓመት ካልወሰንህ በሰላም የምትሄድበትን ጊዜ መምረጥ ትችላለህ። ከወሰንህና አሁን የቤቱ አቅም የማይፈቅድ ከሆነ፣ ተበድረህም ደብቀህም አትሂድ፤ ወደ ንስሐ አባትህ ሄደህ ምክራቸውን ተቀበል። ከእንግዲህ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ስእለት ለሚስትህ ሳትነግር አትሳል።

ልጆቹን ስለ መውሰድ፦ የ3 ዓመቷን ለመስከረም 21 ወደ ግሸን አትውሰዳት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አምባው ቀዝቃዛና ዙሪያው ገደል ነው፣ በንግሡ ቀን ወደ ውስጥ የሚገባው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ለእርሷ የመጀመሪያ ጉዞ የሚሆነው ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። እዚያም ቢሆን ከዋናው ንግሥ ይልቅ ሕዝብ በማይበዛበት ቀን ሂዱ። የ8 ዓመቱን ልጅ ግን ጤናው ደኅና ከሆነ ግሸን ይዘኸው ልትሄድ ትችላለህ፤ እንዲያውም ቢሄድ እወዳለሁ፤ እናቱም ይሁን ካለች። በሉቃስ ወንጌል ዮሴፍና እመቤታችን በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፤ ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት (ሉቃ. 2፥41-46)። በማኅበር ጉዞ «ከእነ እገሌ ጋር ነው» እያልን ልጅ የምንጥለው እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ኃላፊ የሚሆን አንድ ትልቅ ሰው በስም ይመደብ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ከመነሣቱ በፊት ይቈጠሩ፤ ያንተንና የአስተባባሪውን ስልክ ጽፈህ በልጁ ኪስ ክተት።

ለልጁ ጋቢ፣ የሚቀየር ደረቅ ልብስ፣ የሚያንሸራትት ያልሆነ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃና ደረቅ ስንቅ ያዝ። መኪና የሚያስመልሰው ከሆነ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ከመነሣቱ በፊት ቅባት የበዛበት አይብላ፣ ፌስታልም አይለይህ። በሌሊት ብርድ ጸበል ውስጥ ማስገባት ግድ አይደለም፤ እንዲረጩትና እንዲያጠጡት አስተናባሪዎቹን ጠይቅ። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ጸበል ስለ ተጠመቀ አይቋረጥ፤ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ይናገራል።

ስለ ቁርባን የጠየቅኸውን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ በጉዞ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ከመቊረብ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል፣ ባለትዳሮች ደግሞ ከመቊረብ በፊት ሦስት ቀን፣ ከቈረቡም በኋላ ሁለት ቀን ከመኝታ መራቅ ሥርዓት ነው። ቊርባኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ የመጨረሻው ምግብህ በዋዜማው ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ መሆን አለበት። አውቶቡሱ ግን ለራት የሚቆመው ከመሸ ነው፤ ሌላው ሲበላ አንተም ከበላህ ወይም ውኃ ከጠጣህ ቀርቷል ማለት ነው። ከቈረቡ በኋላም በዚያው ዕለት ሩቅ መንገድ መሄድ አይገባም፤ ተጓዦች ግን ቈርበው ወዲያው መኪና ይሳፈራሉ፣ መንገድ ላይ ይገፋፋሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ የሚያስመልሳቸውም አሉ። ስለዚህ አውቶቡሱ በማግሥቱ የሚነሣ ካልሆነ፣ ከንስሐ አባትህም ጋር አስቀድመህ ካልተነጋገርህ እዚያ አትቊረብ። በአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር አብራችሁ ቊረቡ። በተክሊል የተጋቡ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው አብረው ወደ ሥጋ ወደሙ ሲቀርቡ ማየትን የሚያህል ምን ነገር አለ! ይህንንም በዓመት አንድ ቀን ብቻ አታድርጉት።

ስትሄድ ተቀያይማችሁ አትለያዩ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ተብሏል (ማቴ. 5፥23-24)፤ ከወንድም ጋር እንዲህ ከሆነ አንድ ሥጋ ከሆነችው ጋርማ ይልቁን። ስትመለስ እምነቱን (ከገዳሙ የሚወሰደውን የተባረከ አፈር) እና ጸበሉን ለቤተሰብህ አምጣ፣ ያየኸውንና የተማርኸውን ንገራቸው፣ በማግሥቱም ለጉዞ ግምገማ ተብሎ ስብሰባ ቢጠራ ወደ ሌላ ቀን አዛውረው። ልጆቹን ሦስትና አራት ቀን ብቻዋን የያዘች እናት በዚያ ቀን ማረፍ አለባት፤ ምግቡንም ልብስ ማጠቡንም አንተ ያዝ።

ሚስትህ አብራህ እንድታገለግልም በር ክፈት። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን እየሰፉ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከዚያም ወደ ኤፌሶን አብረው ሄደዋል፤ አጵሎስን ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል የገለጡለት ሁለቱም ናቸው (የሐዋ. 18)። በቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን ነበረች (1ኛ ቆሮ. 16፥19)። በወር አንድ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ባለትዳሮች ከነልጆቻቸው ወደ ቤታችሁ ጥሩ፤ አንድ ምዕራፍ አንብባችሁ፣ ዘምራችሁ፣ ያላችሁን ቀምሳችሁ ተለያዩ።

ለዘንድሮው ግሸን ስምህን አስመዝግበህ ገንዘብ ከፍለህ እንደሆነ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ለባለቤትህ ሁሉን ንገራት፦ መቼ እንደምትነሣ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ስንት እንደ ከፈልህ፣ ልጁን እንደምትወስድና እንደማትወስድ። ካልተስማማች ቦታህን ለሌላ ተጓዥ አስተላልፍና ስለ ስእለቱ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።