ቤዙ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው፤ 19 ዓመቴ ነው። በኮምፒውተር የዳንስ ሙዚቃ፣ በተለይ ሃውስ፣ መሥራት ጀምሬያለሁ። ላፕቶፑ የእህቴ ነበር፤ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም በሙከራ ጭኜ ስምንት ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) የሆኑ ሎፖች፣ ማለትም እየተደጋገሙ የሚዞሩ ቁርጥራጮች፣ ሞልተውኛል። አንዱም ዘፈን ሆኖ አላለቀም። በኢርፎን ስሰማው ያምራል፤ በስልክ ስከፍተው ቤዙ ይጠፋል። ዩቲዩብ ሳይ ደግሞ የዳታ ብር ጨረስኩ። ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የሚሠራ የተሰበረ ቅጂ፣ ላውርድ? ከየትስ ልማር?

መልስ፦ ጋሼ ስትለኝ እጄ ወደ ፀጉሬ ሄደ። ሽበቴ ከፎቶው ላይ ታይቶሃል ማለት ነው። ግድ የለም።

ክራኩን ተወው። የባለቤቱ መብት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከሆነ ቦታ ያወረድኩት ክራክ ይዞት የመጣው ቫይረስ የአንድ ክረምት ሥራዬን ጠራርጎ በልቶታል። የዶላር ካርድ ማግኘት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን የሙከራው ስሪት ከምታስበው በላይ ይሰጥሃል። ትሠራበታለህ፣ የሠራኸውን በዋቭም በኤምፒ3ም ታወጣለህ። ሳትገዛው የሚከለክልህ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሴቭ ያደረግከውን ፋይል መልሰህ መክፈት አትችልም።

ሎፖችህ ሎፕ ሆነው የቀሩት ለዚህ ይመስለኛል። ማታ ትጀምራለህ፣ ጠዋት በሩ ተቆልፎ ታገኘዋለህ። ከዚያ አዲስ ሎፕ።

እንዲህ አድርግ። ላፕቶፑን ከመዝጋትህ በፊት እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በዋቭ አውጣው። ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝተህ ኪኩን (ዱም የሚለውን ከበሮ)፣ ቀጥሎ ቤዙን፣ ቀጥሎ ፒያኖውን። በማግስቱ አዲስ ፋይል ከፍተህ ዋቮቹን ደርድራቸው። ዜማውን መቀየር አትችልም፤ ይሄ ደግሞ ላንተ ጥሩ ነው፣ ወደፊት ብቻ ትሄዳለህ። ለላፕቶፕህም እረፍት ነው፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን እንደ አዲስ አይፈጥርም፣ የተቀዳውን ያጫውታል እንጂ። ይሄ ከሰለቸህ ኤልኤምኤምኤስ የሚባል ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራም አለ። መልኩ አያምርም፤ በእሱ ሠርተህ ሴቭ ያደረግከውን ፋይል ግን ይከፍትልሃል።

አሁን ወደ ቤዙ። ይህን ጥያቄ ስላነሳህ ደስ ብሎኛል፣ እኔም ጉድ የሆንኩበት ነውና።

ለአንድ ጓደኛዬ ልደት የራሴን ትራክ ይዤ ሄድኩ። ቤዙን ግራና ቀኝ ለጥጬዋለሁ፤ በኢርፎን ሲሰማ ጭንቅላትህን ዙሪያውን የሚያቅፍ ነገር። ድግሱ ላይ የነበረው ግን አንድ ትልቅ ስፒከር ብቻ ነበር። አንድ ስፒከር ግራውንና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያወጣው። የእኔ ግራ ሲገፋ ቀኙ ይስባል፤ ሲደመሩ ተጠፋፉ። የቀረው ኪኩ ብቻ ሆነ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የጓደኛዬ እናት ከጓዳ ብቅ ብለው «ልጆች፣ በር የሚያንኳኳ አለ እንዴ?» አሉ።

ስለዚህ ቤዝ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ አይለጠጥም። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ የሚወጣበት) ላይ ያለችውን የስቴሪዮ ቁልፍ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ፣ እስኪሆን አዙረህ ስማ። ቤዙ ከከሳ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሞኖም ሆኖ ስልክ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የሃውስ ቤዝ ዋና ጉልበት ያለው ከ100 ኸርዝ በታች ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ እዚያ ድረስ አይወርድም። የቤዙን ድምፅ መጨመር ዋጋ የለውም። ቤዙን ኮፒ አድርግ። ከኮፒው ላይ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥና ፋስት ዲስት በሚባለው፣ ከኤፍ ኤል ጋር በሚመጣው ፕለጊን ትንሽ አሻክረው። ከዋናው ሥር ዝቅ አድርገህ ቀላቅለው። ጆሮ ተንኮለኛ ነው፤ የላይኛውን ድምፅ ካገኘ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ኪክና ቤዝ ከተጋፉብህ ለጊዜው ሳይድቼይን (ኪኩ ሲመታ ቤዙን ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ) ምናምን ውስጥ አትግባ። ቤዙን በኪኮቹ መሃል አስቀምጠው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ።

ሎፑን ዘፈን ለማድረግ የምትወደውን አንድ የሃውስ ዘፈን አምጣና ፕሮግራሙ ውስጥ ዘርጋው። በ128 ቴምፖ (በደቂቃ 128 ምት) 16 ባር ልክ 30 ሰከንድ ነው። በየ30 ሰከንዱ አቁመህ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ወረቀት ላይ ጻፍ። ብዙ ጊዜ አንድ ሃይ-ሃት ገባ፣ ቤዝ ወጣ፣ ጭብጨባ ተመለሰ፣ ይኸው ነው። ከዚያ የራስህን ድምፆች በዚያው ካርታ ደርድር። የመጀመሪያዬን ሙሉ ትራክ የጨረስኩት እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ፣ ቡና ፈስሶበታል።

ለመማሪያ የበርሊኑ ኤብልተን ኩባንያ በነፃ ያስቀመጣቸው ሁለት ገጾች አሉ፤ ለርኒንግ ሚዩዚክ እና ለርኒንግ ሲንትስ። ብሮውዘር ላይ እየነካካህ ነው የምትማረው፣ እንደ ቪዲዮ ዳታ አይበሉም። ከዩቲዩብ ኢን ዘ ሚክስ የሚባለውን ቻናል ብቻ ያዝ፤ ኤፍ ኤልን በእርጋታ ያስረዳል። አንድ ቪዲዮ ካየህ ሠርተህ ሳትጨርስ ሁለተኛውን አትክፈት። ቫይታል የሚባለው ነፃ ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) ግሩም ነው፤ ላፕቶፕህን ግን ያስለቅሰዋል። ኤፍ ኤል ውስጥ ያለው ስሪ ኤክስ ኦስክ ቀላል ነው፣ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ በደሴ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር እጫወታለሁ። ችክችካን ከሃውስ ምት ጋር ላዋህድ ብል እየተገፋፉ አስቸገሩኝ። ክራሬም ከኮምፒውተሩ ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምት ለአራት ነው የሚከፍለው፤ ችክችካ ደግሞ ለሦስት። ስናፑን (ድምፆቹ የሚያርፉባቸውን ቤቶች የሚወስነውን) አንድ ሦስተኛ ምት ላይ አድርጊው። አንድ ባር 12 ቤት ይሆናል። ኪኩን 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ፣ ጭብጨባውን 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 11 ላይ አስቀምጪ። መገፋፋቱ አይጠፋም፣ ግን አሁን ትከሻ የሚያነቃንቀው እሱ ይሆናል። ቴምፖውን 120 አካባቢ ጀምሪው። ሙዚቀኛው ሮፍናን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ነጸብራቅ» የተባለ አልበም፣ እንደገና ሙሉ የሚባለው ሙዚቀኛም በኢትዮጵያን ሪከርድስ ስም የሠራቸውን በዚህ ጆሮ አድምጫቸው።

አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከአንቺው ወሎ ስለሆነ ስለ ቅኝት እኔ አላስተምርሽም። የሃውስ ኮርዶችን ግን ተጠንቀቂ። ለምሳሌ አንቺሆዬን ከሲ ብትነሺ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ነው፤ ጂ የለበትም። ዝግጁ የፒያኖ ሎፕ ጂ ይዞ ሲመጣ ወዲያው ይጣላል። ኮርዱን ተይና ቤዙ ብቻ ይከተልሽ።

ክራሩ አለመግጠሙ የክራሩ ጥፋት አይደለም። እሱን አትንኪው፤ ሲንተሳይዘሩን ወደ እሱ አምጪው። ብዙ ሲንተሳይዘሮች ላይ ፋይን የምትባል ቁልፍ አለች። ግማሽ ድምፅን ለ100 ትከፍላለች፤ ክፍልፋዩን ሴንት ይሉታል፣ እኛ ሳንቲም እንበለው። የክራርሽን አንድ ክር እየመታሽ ሳንቲም በሳንቲም አዙሪያት። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ ዋው-ዋው የሚል መንቀጥቀጥ ትሰሚያለሽ፤ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሲቆም እጅሽን አንሺ።