ያላያችሁትን ቁጥር አትጻፉ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ መብራት ሥራ ለምትገቡ ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቼ አዳማ ተቀምጫለሁ። ከከተማው ወጣ ስል ግን ሙያዬ አብሮኝ ነው። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚያመነጨው የቆቃ የውሃ ጣቢያ አለ። በሌላ በኩል የነፋስ ማማዎቹ ናቸው፤ መጀመሪያ 34፣ በኋላ 102 ተተከሉ፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት።

ነፋሱ ጋብ ሲል ቤታችሁ ያለው አምፖል አይጠፋም። የጎደለውን ሩቅ ያለ የውሃ ጣቢያ ወዲያው ይሸፍናል። የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ መመጣጠን አለበት፤ ሚዛኑም በፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ በሚመላለስበት ብዛት ይታያል፤ መሆን ያለበት 50 ኸርዝ ነው። በጣም ከወረደ ሪሌዮች፣ ማለትም በራሳቸው የሚሠሩ መከላከያ መሣሪያዎች፣ የተወሰነ አካባቢ ይቆርጣሉ፣ ቀሪውን ለማዳን። መብራት ጠፋ ብለን ከምናማርርበት አንዳንዱ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ተምራችሁታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። በየሰዓቱ ወጥቶ የትራንስፎርመሩን የዘይት ሙቀት ማንበብ ግዴታ ነው። ዝናቡ ያወርደዋል፤ ብርዱም አይጣል ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የ8 ሰዓቱን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩ። 10 ሰዓትም እንደዚያው። ጠዋት ሊቀይረኝ የመጣው ሽማግሌ ባልደረባዬ መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጣ። ማቀዝቀዣ ፋኖቹ ቆመዋል። የሙቀቱ መርፌ እኔ ከጻፍኩት እጅግ አልፏል። ጭነት ቀንሰን ትራንስፎርመሩን አተረፍነው፤ የከተማው አንድ ክፍል ግን እስከ ቀትር ጨለማ ዋለ። ወፍጮ ቤት ቆመ፤ እንጀራ ምጣድ ላይ ቀረ። ሰውዬው አልጮኸብኝም። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ፣ «ይሄን ማን አየው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መብራት አጣ። ኦሃዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመሮች ረግበው ዛፍ ነክተው ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ሲስተም ግን ሞቷል፤ ኦፕሬተሮቹም መሞቱን አላወቁም። ስክሪኑ ዝም ሲል ሰላም መሰላቸው። ከሌላ ቦታ ስልክ ሲደወልላቸው እንኳ ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም።

ስለዚህ ስክሪኑ ዝም ካለ ውጡና እዩ። ከተጠራጠራችሁ በሌሊትም ቢሆን አለቃችሁን ቀስቅሱት፤ ይቆጣ። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ ደግሞ ጥሩ የእጅ ባትሪና የዝናብ ካፖርት ግዙ። የኔ ባትሪ ያን ሌሊት ድንጋዩ አልቆ ነበር።