የናፍታ ፊልትሮ መቼና እንዴት ይቀየራል? ዳገት ላይ ለሚደክመው ሃይሉክስ የተሰጠ መልስ

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ መኪናው የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ሃይሉክስ፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍታ ሞተር፣ 240 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የፊልትሮ መብራት ብልጭ ድርግም ትልና ትጠፋለች። ጋራዥ «አራቱም ኢንጀክተር ይቀየር» ብሏል፤ ኢንጀክተር ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል ነው። ጠያቂው መጨረሻ ላይ «የናፍታ ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ አላውቅም» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው እዚያችው መጨረሻ ላይ ነው። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ የናፍታ ፊልትሮ ዛሬውኑ ይቀየራል። ኢንጀክተር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም የሞተሩን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ በስካነር፣ ከተረጋገጠ።

መጀመሪያ መብራቷን እናንብባት። በዚህ መኪና ላይ ሁለት ነገር ትናገራለች። ሳታቋርጥ ከበራች ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ቀይረኝ ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ከፊልትሮው ስር ውሃ ተጠራቅሟል። ያንተዋ ሁለተኛው ነው። አንዳንዴ መጥፋቷ እንዳያዘናጋህ፤ ውሃው መኪናው ሲያዘነብልና ሲታጠፍ ስለሚንቀሳቀስ ሴንሰሩ ላይ ያለችው ተንሳፋፊ ከፍ ዝቅ ትላለች። ውሃው ግን የትም አልሄደም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን ማፍሰስ ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አድርገው፤ ሌሊቱን ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣል። ኮፈኑን ክፈትና አናቷ ላይ በእጅ የምትጫን ጥቁር ፓምፕ ያለችውን ፊልትሮ ፈልግ። ከስሯ ሽቦ የገባባት የውሃ ሴንሰርና የማፍሰሻ ብሎን አሉ። ከማፍሰሻዋ ቀጭን ቱቦ አያይዝና ጫፉን ንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ክተት። ብሎኗን በእጅህ ወደ ግራ ሁለት ዙር ያህል አላላት፤ ሙሉ በሙሉ አትፍታት። ከዚያ ከላይ ያለችውን ፓምፕ ደጋግመህ ተጫን። አንድ ብርጭቆ ያህል ሲወርድ መልሰህ ዝጋ፣ በእጅ ብቻ። በፒንሳ ያጠበቀ ሰው ክሯን ይበላታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብ ጠብ ማለት አታቆምም፣ አየርም ትስባለች።

ጠርሙሱን አትድፋው፣ 15 ደቂቃ አስቀምጠው። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከስር መስመር ሠርቶ ይታይሃል። ጥቂት ጠብታ አያስደነግጥም። የጣት ውፍረት ያህል ውሃ ካየህ የቀዳህበት ነዳጅ ወይም ታንክህ ችግር አለበት። ቡናማ ደቃቅ ከሆነ ዝገት ነው፣ ከታንክ ወይም ከበርሜል የመጣ። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካገኘህ ደግሞ በውሃውና በናፍታው መገናኛ ላይ የሚራቡ ተህዋስያን ናቸው፤ ያን ጊዜ ፊልትሮ ብትቀይርም በሳምንቱ መልሶ ስለሚደፈን ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት።

ውሃው ከየት ይመጣል? ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከሚገዛው፣ ክዳኑ ከማይገጥም በርሜል፣ የታንክ ክዳን ጎማው ካለቀ መኪና ሲታጠብ ከሚገባው። በደጋ ብርድ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሲያድርም ባዶው ቦታ ያለው አየር እርጥበቱን ወደ ጠብታ ይቀይራል። «ታንክ እስኪያልቅ መንዳት ቆሻሻ ያስገባል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ መሳቢያው ሁልጊዜም ከታንኩ ወለል አጠገብ ነው የሚስበው። ዋናው ጉዳት አየር መግባቱ ነው፣ የቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ታንክ ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ስለሆነ መጋሉ።

ዳገት ላይ ብቻ የሚደክመው ለምን እንደሆነ ደግሞ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ናፍታ ጥቂት ነው፣ በግማሽ የተደፈነ ፊልትሮም ያደርስለታል። አባይ በረሃን ጭነት ይዘህ ስትወጣ ግን ፍላጎቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ፊልትሮው ያን ማሳለፍ ሲያቅተው ለኢንጀክተሮቹ ናፍታ የሚያከፋፍለው ቱቦ፣ የሬሉ፣ ግፊት የሞተሩ ኮምፒውተር ካዘዘው በታች ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ስካነር ላይ ፒ 0087 የሚል ኮድ ካገኘህ የሬል ግፊት አነሰ ማለት ነው፤ ኢንጀክተር ሞተ ማለት አይደለም። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» ብሎ የሚያጽናናህ ካለም፣ ቱርቦ ያለውን ሞተር ከፍታ ብቻውን ይህን ያህል አያደክመውም፤ ከተማዋም ዘንድሮ ከፍ አላለችም።

አሁን መቼ ይቀየር ወደሚለው። የፋብሪካ መመሪያዎች ላይ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር ታገኛለህ። ያ ለንጹህ ነዳጅ ነው። እኛ አገር ከተማ ውስጥ ከሚታመን ማደያ ለሚቀዳ መኪና 20 ሺህ፣ ክፍለ ሀገር ለሚሠራና ከጀሪካን ለማይርቅ ደግሞ 10 ሺህ ይሁን። በኪሎ ሜትር መቁጠር ካስቸገረህ በዘይት ቅያሪ ቁጠር፦ ዘይት በየ5 ሺው ከሆነ ውሃ ማፍሰስ በየዘይቱ፣ ፊልትሮ በየሁለተኛው ወይም በየአራተኛው። ብዙ የማይነዳ መኪናም ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይ። ክረምት ላይ ውሃውን በየወሩ ብታይ አትጎዳም።

ሞተሩ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ኮመን ሬል ስለሆነ ነው፤ ማለትም ኢንጀክተሮቹ ሁሉ የሚቀዱት ከፍተኛ ግፊት ካለው ከዚያ አንድ ሬል ነው። የድሮ ናፍታ ሞተር ኖዝል (የናፍታ መርጫው) የሚከፈተው ከ100 እስከ 200 ባር ባለ ግፊት ነበር። ኮመን ሬል ላይ ግፊቱ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ኢንጀክተሩ ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚገጣጠሙት በጥቂት ማይክሮን ክፍተት ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ያህል እንደሆነ አስብ። ግፊቱን የሚፈጥረው ፖምፓም ሆነ ኢንጀክተሩ የሚለሰልሱት በናፍታው ስለሆነ ውሃ ሲገባ ብረት በብረት ይፋጫል።

ሲገዛ፦ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ተራ፣ ስትሄድ አሮጌውን ፊልትሮ ወይም የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፤ «የሃይሉክስ» ብቻ ካልክ ዓይነቱ ብዙ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርህም፣ ማንም ያትመዋል። አውጥተህ ወረቀቱን እየው። እጥፋቶቹ እኩል የተራራቁና ጥቅጥቅ ያሉ መሆን አለባቸው። ጫፎቹ ላይ ያለው ማጣበቂያ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የተያያዘ ይሁን፤ እዚያ ላይ ክፍተት ካለ ናፍታው በወረቀቱ ሳያልፍ በአቋራጭ ይሄዳል። ማሸጊያው የጎማ ቀለበት (ኦሪንጉ) አብሮ ካልመጣ አትግዛ።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራና እሳት ርቆ፣ ከምንም በፊት የፊልትሮውን ዙሪያ ጠራርግ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚገባው አቧራ ግን ከዚያ በኋላ የሚያጣራው የለም። የሴንሰሩን ሶኬት ንቀል፣ ናፍታውን በማፍሰሻዋ አውርድ። ያንተ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የውስጥ ማጣሪያው (ኤለመንቱ) ብቻ የሚወጣለት ነው፦ የታችኛውን ጽዋ በፊልትሮ መፍቻ ቀበቶ ወደ ግራ አዙረህ ታወጣለህ፣ አሮጌውን ኤለመንት ትስባለህ፣ የጽዋውን ውስጥ ክር በማያራግፍ ጨርቅ ታጸዳለህ። አሮጌው ኦሪንግ ከላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ በጣትህ ዳስስ፤ ሁለት ኦሪንግ ተደርቦ ከታሰረ በእርግጠኝነት ያፈሳል። አዲሱን ኦሪንግ በንጹህ ናፍታ አርጥበህ በቦታው አስቀምጥ፣ አዲሱን ኤለመንት ክተትና ጽዋውን መልስ። ሙሉ ቆርቆሮ ሆኖ የሚቀየር ዓይነት ካጋጠመህ ሴንሰሩን ከአሮጌው ፈትተህ ወደ አዲሱ ታዛውራለህ፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ታጠብቃለህ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ አየር ማስወጣት። ፊልትሮውን ገጥመው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ባትሪ እስኪሞት የሚያሽከረክሩት አሉ። ያን ጊዜ ሁሉ ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፖምፓ በደረቁ ይፋጫል፣ ከውስጡ የሚነሳው የብረት ብናኝም በቀጥታ ወደ ኢንጀክተር ነው የሚሄደው። መደረግ ያለበት ከላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክርና አልጫን እስክትል መጫን ነው። ፊልትሮው ባዶ ከሆነ ከመቶ በላይ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ እጅ ሲደክም እያረፉ። ከዚያ አስነሳ፣ ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዝ። ካልተነሳ ግማሽ ደቂቃ አሳርፍ፣ እንደገና በእጅ ጫን። ሲነሳ ቤንዚናውን ሳትረግጥ አምስት ደቂቃ ይሥራ፣ አንተ ደግሞ የጽዋውን ዙሪያና ማፍሰሻዋን በደረቅ ወረቀት እየነካህ እርጥበት ፈልግ።

ሁለት ነገር እንዳታደርግ። አንደኛ፣ አዲሱን ፊልትሮ በናፍታ ሞልተህ አትግጠም። የመሃሉ ቀዳዳ የተጣራው ናፍታ የሚወጣበት ነው፤ በእሱ በኩል ከጀሪካን ከሞላህበት ያልተጣራ ነዳጅ በቀጥታ ለኢንጀክተር አጎረስከው። ሁለተኛ፣ አየር ለማስወጣት ብለህ የኢንጀክተር ቱቦ አታላላ። በዚህ ግፊት የሚፈተለክ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው። ቱቦ ማላላት የድሮዎቹ ነው። ኮመን ሬል ያልሆኑት የሃይሉክስና የሚኒባስ ሞተሮች፣ የድሮ ላንድክሩዘርና የድሮ አይሱዙ ላይ በእጅ ፓምፕ ካልተሳካ የኖዝሉን ነት በ17 ቁልፍ ግማሽ ዙር አላልተህ፣ ሞተሪኖ ሲዞር ናፍታው ሳይቆራረጥ መምጣት ሲጀምር ታጠብቃለህ።

ከተቀየረም በኋላ ዳገቱ ካስቸገረ ወደ ኢንጀክተር አትሩጥ። አሮጌውን ኤለመንት ቀድደህ ወረቀቱን ዘርጋው፤ ጥቁር ጭቃ የተሞላ ከሆነ ታንክ ውስጥ ያለው መሳቢያ ወንፊትም እንዲሁ ነው። የዚህ ምልክቱ መኪናው ሲደክም አቁመህ ጥቂት ካሳረፍከው በኋላ ለተወሰነ መንገድ ደህና መሆኑ ነው። ከዚያ ከታንክ ወደ ፊልትሮ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ተመልከት። የተሰነጠቀ ቱቦ ናፍታ ሳያፈስ አየር ብቻ ሊስብ ይችላል፤ ለጊዜው አጭር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ተክተህ አረፋ ካየህ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያለው የመሳቢያ መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ፤ በዚህ ሞተር ላይ እሱ ሲያስቸግር ኢንጀክተር የሚቀየርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የቱርቦ ቱቦና የአየር ፊልትሮም አይረሱ።

የቤንዚን መኪና ያላችሁም ጠይቃችኋልና ባጭሩ። ቪትዝና የቅርብ ጊዜ ኮሮላ ላይ ፊልትሮው ውጭ የለም፤ ከኋላ ወንበር ስር፣ ታንክ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ነው። በየ80 ሺው አካባቢ ከወንፊቱ ጋር አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ላይ የብረት ፊልትሮ ሞተሩ ጋ አለ፤ ሲቀየር የፍሰቱ ቀስት ወደ ሞተር መጠቆሙንና የመዳብ ዋሸሮቹ አዲስ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ ይውጣ፦ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፣ ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የወረቀት ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ነፍቶ መመለስ የጋራዥ ልማድ ሆኗል፤ አየሩ ወረቀቱን ሊቀድ ስለሚችል ከዚያ ወዲያ ፊልትሮው ማጣራቱ አይታመንም። ከዚህ የባሰው ለላዳ ካርብሬተር የተሠራችውን ትንሽ የፕላስቲክ ፊልትሮ 3 ባር አካባቢ ግፊት ባለው ኢንጀክሽን መኪና ላይ መግጠም ነው። ያቺ ፕላስቲክ ለዚያ ግፊት አልተሠራችም፤ ከፈነዳች ቤንዚኑ የሚረጨው የጋለ ማርሚታ ላይ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ውሃውን አፍስሰህ የጠርሙሱን ፎቶ እዚሁ ለጥፍ። ስካነር ካገኘህ ደግሞ ዳገት ላይ የታዘዘውንና የተገኘውን የሬል ግፊት ጎን ለጎን አስቀርጸህ አምጣ፤ ስለ ኢንጀክተሮቹ ያን ጊዜ እናወራለን።