ታናሽ እህት ታላቋን «እርስዎ» ትበላት?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ስለሚኖሩ የአሚሽ (ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ የፕሮቴስታንት ማኅበረሰብ) እህትማማቾች የሚተርክ የፍቅር ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ታላቋ ለመጠመቅ ትዘጋጃለች፤ ታናሿ ከተማ ወጥታ ሥራ መያዝ ያምራታል። እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ ቃል ነው ያለው። ታናሿ ታላቋን «እርስዎ» ትበላት ወይስ «አንቺ»? አባታቸውንና ጳጳሳቸውንስ?

መልስ፦ እህትማማቾቹ «አንቺ» ይባባሉ። እዚህ ላይ ብዙ አያመንቱ።

አሚሾች እቤታቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ አይደለም። ፔንሲልቬንያ ደች በሚባል የጀርመንኛ ዘዬ ነው። እንግሊዝኛ ከውጭ ሰው ጋር፣ ጥንታዊው ጀርመንኛ ደግሞ ለአምልኮ ነው። መደበኛው ጀርመንኛ እንደ እኛው የአክብሮት መጠሪያ አለው፤ የአሚሾቹ ዘዬ ግን ዛሬ ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ቃል ይጠራል። አቶና ወይዘሮ የሚባል ነገርም አይወዱም። ሕፃን ልጅ ጎረቤቱን አዛውንት በስሙ ይጠራል። ይህ ከእምነታቸው የመጣ ነው፤ ማንም ከማንም በላይ ራሱን ከፍ አያድርግ ይላሉ። «እርስዎ» የበዛበት ትርጉም ይህን ያጠፋዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። ታናሿ «ለምን አልነገሩኝም?» ብላ ስትጠይቅ ማንን ማለቷ ነው? እህቷን ነው? አባቷን? ወይስ የሰፈሩን ሰዎች? አማርኛ የአክብሮቱን ግሥ ከ«እነሱ» ግሥ ጋር አንድ ስላደረገው አንባቢ አይለየውም። ሦስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ይህ ንግግሩን ያደናግራል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሲባል ግን ተናጋሪዋ ወደ ማን እንደዞረች ወዲያው ይታያል።

«እትዬ»ን አልመክርም። ቃሉ ያምራል፤ ግን ከነአክብሮቱ የእኛን ቤት ይዞ ይገባል። በስም ይጠራሩ። ሆድ ሲብስ «እህት ዓለም» ይበቃል። «እቴ» ብቻውን ዛሬ «ምን እቴ!» ለማለት ስለዋለ ሊያሳስት ይችላል። አባትየው «አባዬ» ይባል፤ «አንተ» ቢሉትም የከተማ አንባቢ አይደነግጥም።

የሚከብደው ጳጳሱ ነው። «ጳጳስ» ሲባል ያገራችን አንባቢ የሚያየው መነኩሴ ነው፤ ጥቁር ቀሚስ፣ መስቀል፣ «ብፁዕ አባታችን»። የአሚሹ ግን ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ደመወዝ የማይቀበል፣ በዕጣ የተመረጠ ገበሬ ወይም አናጢ ነው። እኔ «ሽማግሌ» እለዋለሁ። አሚሾች እ.ኤ.አ. በ1693 አካባቢ ከስዊስ አናባፕቲስቶች (ሰው አድጎ በራሱ ፈቃድ ይጠመቅ ከሚሉ ክርስቲያኖች) የተለዩ ናቸው፤ እንደነሱው አናባፕቲስት የሆኑት የሜኖናይቶች ዘመዶችም ናቸው፤ የእኛም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ ከሜኖናይቶች ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሚለው አነጋገር ለብዙ አንባቢ አዲስ አይሆንም።

ታዲያ ሽማግሌውን «አንተ» ይበሉት? እዚህ ላይ እለሳለሳለሁ። ነጭ ጢም ያለውን ሰው አንዲት ወጣት «አንተ» ስትለው በአማርኛ እኩልነት ሆኖ አይሰማም። ስድብ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ብቻ «እርስዎ»ን ይተዉላቸው። ተራኪውም አይወላውል። «ሽማግሌው ገቡ። ባርኔጣውን አወለቀ።» የሚል ትርጉም ስንት ጊዜ አንብበናል! ገቡ ካሉ «ባርኔጣቸውን አወለቁ» ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን «እርስዎ» በእህትማማቾቹ መካከልም ይጠቅማል። አማርኛ ተናጋሪ እኩያውን ሲቀየም ያንን ቃል እንዴት እንደሚወረውረው ያውቁታል። ታላቋ ከተጠመቀች በኋላ፣ ታናሿ የመረራት ዕለት፣ «እርስዎማ ምን ቸገረዎት!» ብትላት መራራቃቸው ይሰማል። ከዚያ በፊት በነበሩት ገጾች ሁሉ «አንቺ» ከተባባሉ ነው ታዲያ። ለዚያ ጠብ ብቻ ያቆዩት።