ዜማዬን በስንት ልሽጠው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ግጥምና ዜማ አለኝ። የታወቀ ዘፋኝ ወዶታል፤ ስሜ እንዲጠቀስ ግን አይፈልግም። በስንት ልሽጠው?» ትላለች። ከሥሩ ዜማውን አንጎራጉራ አስከትላለች። ሦስቴ ሰማሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም ሸጫለሁ። በ1979 ዓ.ም.፣ በ250 ብር።

ያኔ ሆቴል ውስጥ ኦርጋን እጫወታለሁ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ቃል የላትም። እንዝርቱ ሲሾር ትጀምራለች፣ ክሩ ሲበጠስ ታቆማለች። ያቺን ይዤ መሃሏን ጨመርኩ፣ ግጥም አለበስኳት። አንድ ዘፋኝ ሰማትና ወደዳት። ብሩን በፖስታ አድርጎ አመጣልኝ። ካሴቱ ሲወጣ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ጎን የራሱ ስም ተጽፏል። እውነቴን ነው፣ ቅር አላለኝም። ውዝፍ የቤት ኪራይ ከፈልኩ፣ ጫማ ገዛሁ፣ ጓደኞቼን ክትፎ ጋበዝኩ።

አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከመርካቶ ስንመለስ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት በራፍ ላይ ዘፈኗ ተለቃለች። እናቴ ቆመች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ አዳመጠች።

«አንተ፣ ይቺ የኔ አይደለችም እንዴ?»

«ኧረ እማዬ፣ ተመሳስሎብሽ ነው» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሸጥኳት ብላት ትስቅ ነበር እንጂ አትቆጣኝም። ዘንቢሏን አንስታ ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስትፈትል ያቺን ዜማ ሰምቻት አላውቅም። ወይም እኔ ልብ አላልኩ ይሆናል።

ኋላ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ፌርፋክስ ጎዳና ካሉት ያበሻ ምግብ ቤቶች ኦርጋን እጫወታለሁ። የእናቴን መርዶ የሰማሁት እዚሁ ነው። ወረቀት ስላልነበረኝ አልቀበርኳትም።

ፓርኪንጉ ላይ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሜክሲኳዊ ነበር፣ ሚቾአካን የሚባል ክፍለ ሀገር ሰው። ያገሩን ልጅ የዘፋኙን የሁዋን ጋብሪኤልን ካሴት ከእጁ አይለይም። ክሩ በተፈታ ቁጥር በቢክ እስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። (ይሄን እናንተ የዛሬ ልጆች አታውቁትም። ለአንድ ዘፈን ሩብ ሰዓት ክር ያጠነጠነ ሰው፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ነው የሚሰማው።) አንድ ሌሊት «ይሄን ለእናቱ ነው የሠራው» አለኝ። ስፓኒሽ አልገባኝም። ግን ኬላው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁዋን ጋብሪኤል ሲወለድ ስሙ አልቤርቶ አጊሌራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ፓራኩዋሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ ድንበር ላይ ወዳለችው ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። እሱን ገና በልጅነቱ ማሳደጊያ አስገባችው። እዚያ ሁዋን የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ሙያውንም ሙዚቃውንም አስተማረው። ኋላ የመድረክ ስም ሲያወጣ «ሁዋን»ን ከመምህሩ፣ «ጋብሪኤል»ን ከአባቱ ወሰደ። ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶም በስርቆት ተከሶ ሌኩምቤሪ እስር ቤት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተቀመጠ። ከወጣ በኋላ በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ ተወዳጅ ዘፈኑ «ገንዘብ የለኝም» ይላል። ገንዘብ የለኝም ብሎ ገንዘብ ያገኘ እሱን አየሁ።

እናቱ በ1974 ሞተች። ጓደኛዬ ያሰማኝ «አሞር ኤቴርኖ»፣ ማለትም ዘላለማዊ ፍቅር፣ ለሷ የተሠራ ነው። በ1984 ለሕዝብ ያደረሰችው ግን ስፔናዊቷ ሮሲዮ ዱርካል ናት። ዘፈኑን ለሌላ ዘፋኝ ሰጠ እንግዲህ፣ ስሙን ግን አልሰጠም። ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ በእናቶች ቀንና በቀብር ላይ ይዘፈናል።

እኔ 250 ብሬን በተቀበልኩበት ሰሞን እሱ በዘፈኖቹ ባለቤትነት ጉዳይ ከካሴት አሳታሚው ጋር ተጣልቶ ነበር። ከ1986 በኋላ ስምንት ዓመት ያህል አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም። ስምንት ዓመት! መድረኩን ግን አልተወም። በ1990 ቤያስ አርቴስ በሚባለው የጥበብ አዳራሽ ከብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍን፣ ምሁራኑ «የቡና ቤት ዘፋኝ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ተንጫጭተዋል። በ1994 ሲመለስ የአልበሙ ርዕስ «ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ» ነበር።

እናንተ ስምንት ቀንም የምትጠብቁ አትመስሉኝም። ዘፈኑ ሳያልቅ አሥራ አምስት ሰከንዱ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። ደግሞ ስቀናባችሁ ነው። በኔ ጊዜ ቲክቶክ ቢኖር እማዬን ከነእንዝርቷ እቀርጻት ነበር።

ታዲያ ልጅቷን አትሽጪ ልበላት? ሕጉን እንኳ ታግኘው፤ የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) ደራሲው ስሜ ይጠቀስ የማለት መብት ይሰጠዋል። በኛ ጊዜ ይሄ አዋጅ አልነበረም። ግን ሁዋን ጋብሪኤል ሲጣላ ስሙ የተተከለ ሰው ነው። እኔ የሦስት ወር ኪራይ ነበረብኝ። ዛሬም ያቺ ፖስታ ብትመጣልኝ ሳልቀበላት አልቀርም። የማልደግማት ሙዚቃ ቤቱ በራፍ ላይ ያልኳትን ነው።

ሁዋን ጋብሪኤል እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሳንታ ሞኒካ ነው ያረፈው፣ ኦገስት 28 ቀን 2016፣ እሁድ። ከሁለት ቀን በፊት ኢንግልዉድ ዘፍኖ ነበር። ጓደኛዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ያን ማታ ግን ደወለልኝ። ስልኩን ከፍቶ ካሴቱን አሰማኝ፣ ሁለታችንም ምንም አላወራንም።

ልጄ፣ ዋጋውን እኔ አልነግርሽም። ዜማሽን ግን ደግሜ ሰምቼዋለሁ። አዝማቹ ላይ ድምፅሽ ይጨነቃል፤ አንድ ቶን ዝቅ አድርጊውና አንቺው ራስሽ ቀርጸሽ ላኪልኝ።