መልስ፦ ድሬ ላይ ኤም5 ይያዛል?
ወንድሜ፣ በፈረንጅ 2006 የተሠራ ቢኤምደብሊው ኤም5 በርካሽ አገኘሁ፣ ድሬዳዋ ላይ ወጪው ይቻላል ወይ ብለሃል። ዋጋው አያታልልህ። ሞተሩ ባለ 10 ሲሊንደር፣ 507 የፈረስ ጉልበት ነው። አንድ ዘይት ቅያሪ ብቻ ከ9 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ያውም 10ደብሊው-60 የሚባለውን ወፍራም ዘይት። ያገኘኸውን ዘይት ሞልተህ አትነዳውም።

ዋናው ጣጣ ግን የቢዬላ ብሮንዚኑ ነው፤ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ (ቢዬላ) በሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ የሚያርፍበት ስስ የብረት ማቀፊያ ማለት ነው። ቀስ እያለ ያልቃል፣ ድምፅ ሲያሰማ ብዙ ጊዜ ዘንጉንም በልቶታል። ያኔ ሞተር ሙሉ ማስፈታት ነው። የኛ መካኒኮች ፔጆ 404ን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፤ ይሄ ግን ያለ ኮምፒውተር አይነካም። ከሐረር ወደ ድሬ በሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት የሚያልቀው የፍሬን ሸራ እንኳ ከውጭ ማስመጣት ሊጠይቅህ ይችላል።

ካላስቻለህ ሻጩን ብሮንዚኑ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቀው። ከሌለው የቅያሪውን ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንስ።