ካርዱን ከመቀየርህ በፊት ድራይቨሩን ከነሥሩ ንቀለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ዊንዶውስህ ራሱን አፕዴት ካደረገ ወዲህ የኳስ ጌምህ ሜዳው ይጠቁራል፣ ተጫዋቾቹ ይቆራረጣሉ፣ ከዚያ ጌሙ ራሱ ይዘጋል። ታይዋን ገበያ ያሳየኸው ልጅ ደግሞ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድህ ሞቷል» አለህ። አቦ፣ እንዳትቸኩል!

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ኮምፒውተር ስጠግን እንዲህ ያለ ብዙ ይመጣልኛል። አፕዴት ተከትሎ የመጣ ችግር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር ነው። የካርድ ሕመም ምልክቱ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩን ስታበራ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይገባ የቀለም መስመር ወይም ነጠብጣብ ካየህ ካርዱን ጠርጥር። በዚያ ሰዓት ድራይቨሩ ገና ሥራ አልጀመረም። ሌላው፣ ጌሙ ሲበላሽ ስክሪንሾት አንሳና ስልክህ ላይ እየው። ስልኩ ላይ ንጹሕ ከሆነ ኬብሉን ወይም ሞኒተሩን ፈትሽ።

ሙቀት ነው ያሉህም አሉ። የድሬን ግንቦት እናውቀዋለን፣ መጠርጠራቸው ተገቢ ነው። ግን ሙቀት ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ደህና ትጫወታለህ፣ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ ጌሙ ይጎተታል። ያንተ ግን ሌሊት በነፋሻው ሰዓትም ጨዋታው ገና ሲከፈት ይበላሻል ብለሃል።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክር። ዲቫይስ ማኔጀር ግባ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ካርድህን ክፈት፣ ድራይቨር የሚለው ጋ «ሮል ባክ ድራይቨር» አለ፤ ወደ ቀድሞው ድራይቨር ይመልስሃል። ደብዝዞ አልነካም ካለህ የቀድሞው ፋይል የለም ማለት ነው።

ያኔ ዲዲዩ (DDU) የሚባለውን፣ ድራይቨርን ከነሥሩ የሚጠርግ ነጻ ፕሮግራም ትጠቀማለህ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዲዲዩንና ቀድሞ ይሠራልህ የነበረውን ድራይቨር አስቀድመህ አውርድ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በፍላሽ ብትይዘው ይሻላል። ከዚያ ኢንተርኔቱን ንቀል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አንተ አሮጌውን ስታጠፋ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር አውርዶ ቶሎ ይጭንብሃል፣ ድካምህም ከንቱ ይሆናል። ሺፍት ተጭነህ ሪስታርት በልና በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ፋይሎች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ ግባ። የመግቢያ ፒንህ እዚያ እምቢ ሊልህ ስለሚችል ፓስወርድህን ቀድመህ አረጋግጥ። ዲዲዩ ጠርጎ ሪስታርት ሲያደርግልህ ያወረድከውን ጫን፣ ኢንተርኔቱን መጨረሻ ላይ መልስ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ግን አትጀምረው።

«አዲሱን ድራይቨር ጫን» የሚሉህን አትስማ። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ ካርዶች መደበኛውን የጌም ድራይቨር መስጠት ያቆመው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ በየሩብ ዓመቱ የሚወጣው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ስለዚህ ላንተ ጥሩ የሚባለው በካርድህ ላይ ሳይንገራገጭ የሚሠራው ነው።

ከጫንክ በኋላ የመጀመሪያው ጨዋታ ትንሽ ቢንቀረፈፍ አትደንግጥ። ድራይቨር ሲቀየር ጌሙ ሼደር የሚባሉትን የምስል መሥሪያ ፋይሎቹን እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

ፎርማት ማድረግ አሁን አያስፈልግህም፣ ፎቶና ፋይልህን አታጣ። ይህን ሁሉ አድርገህ ሜዳው አሁንም ከጠቆረ ግን ካርዱን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ሞክርና ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ። የድራይቨሩን ቁጥርም ጨምርበት።